በምሳ ዕቃው ስለምንልከው ነገር፤ ለእኩዮቼ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ በር የምትሰበሰቡ እኩዮቼ፣ ከዘራችሁን ከግንቡ አስደግፋችሁ የልጅ ልጆቻችሁን የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ አለኝ። ስለ ጡረታው ብር አይደለም፤ ስለ ጉልበታችን ቁርጥማትም አይደለም። እሱን በየቀኑ እናወራዋለን። የምነግራችሁ ከበሩ ወዲያ እኛው በአፋችን ስላበላሸነው ነገር ነው። ትቀየሙኝ ይሆናል። ወቀሳው ከራሴ ስለሚጀምር ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ታውቁኛላችሁ። ከ1980 እስከ 2012 ዓ.ም. በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን አስተምሬአለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ክሴ በእሱ ላይ አይደለምና። በእነዚያ 32 ዓመታት ለስንት ልጅ ፊደል እንዳስቆጠርኩ አላውቅም። አሁን በስተርጅና እንቅልፍ ሲነሳኝ ትዝ የሚለኝ ፊደል እምቢ ያለው ልጅ አይደለም። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ ብቻውን ይቆም የነበረው ነው። ፊደሉ ያስቸገረው ውሎ አድሮ ገብቶታል። ብቻውን የቆመውን ግን “ይለምደዋል” ብዬ አልፌዋለሁ።

“የልጆች ነገር ነው” እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ! አንዲት ልጅ “አናጫውትሽም አሉኝ” ብላ እያለቀሰች ስትመጣ፣ “ሂጂ፣ የልጆች ነገር ነው” ብዬ መልሻታለሁ። አንድ ክንድ በማትሞላ ወሰን ለተጣሉ ጎረቤታሞች ግን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ለመሬቱ ጊዜ ነበረኝ። ለልጅቷ አልነበረኝም።

እዚህ አገር የካቶሊክ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ እናስታውስ። በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ አይሞሉም። ባስተማርኩባቸው ክፍሎች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ልጆች ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ስለሚል፣ ክፍል ውስጥ ትምህርተ ክርስቶስ አላስተማርንም። ታዲያ ካቶሊክነቱ በምን ይታወቃል? በግቢው ባለው የእመቤታችን ሐውልት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን በምሳ ሰዓት ነው እላለሁ።

የምሳ ሰዓቱን ያላየ አያት ካለ ልንገረው። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ጥላው ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ክዳኑ ይከፈታል፤ የአንዱ ፓስታ ነው፣ የአንዷ ፍርፍር፣ የሌላው ዳቦ በድንች። የገበታውን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። “ይሄ ሥጋ ነው፣ አትንኪው፤ ይሄኛው ድንች ነው፣ ብዪ” ይባባላሉ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ እንደማይቀላቀል የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ከክቡ አያስወጣውም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ክቡ ይሰፋል። ጾመኞቹ ሽሮና አትክልት ይዘው ስለሚመጡ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል። እኛ ጾም የምንለውን ቀን እነሱ ድግስ አድርገውታል። ይህን ያስተማራቸው መምህር የለም፤ እኔም አላስተማርኳቸውም።

ያ ክብ ሲፈርስም አይቻለሁ። ዛሬ አብረው የበሉ ልጆች ነገ ተነጣጥለው ይቀመጣሉ። ምክንያቱን ስትጠይቁት ልጁ የራሱ ምክንያት የለውም። “እማማ ከእሷ ጋር አትብዪ ብላኛለች”፣ “አባባ ከእሱ ጋር አትሁን ብሎኛል” ነው መልሱ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያየሁት ግን እኛ ማታ ያቦካነውን ልጆች በማግስቱ ለምሳ ሲበሉት ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ልጆቹ በ2013 ሲመለሱ ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው ተቀምጠው፣ ምሳቸውን ለየብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ትእዛዙ ለጤናቸው ነበር፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ከጓደኛ እጅ መጉረስ ምን እንደሆነ ሳያውቁ 1ኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች አሉ። የልጅ ልጄ አንዱ ነው። የሰሜኑ ጦርነትም የተጀመረው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። መጀመሪያ በሽታው አራራቃቸው፤ ሊቀራረቡ ሲሉ እኛ ደረስን።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያን ሰሞን የከተማውን አየር አትረሱትም፤ አብሮ ያረጀ ጎረቤት እንኳ በጎን ይተያይ ነበር። አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ዜና ስሰማ፣ ስለ አንድ ወገን ሕዝብ “እነሱ እኮ አይታመኑም” አልኩ። ሦስት ቃል ናት። ለማንም ብዬ አልነበረም። የልጅ ልጄ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ሜዳ ላይ ለጓደኛው ኳስ ከለከለው። ያ ልጅ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ አብሮት የተቀመጠ፣ አንድ ላጲስ ለሁለት ቆርጠው የሚካፈሉ ጓደኛው ነው። “ለምን አታቀብለኝም?” ቢለው፣ “እናንተ አትታመኑም፤ አባባ ብሏል” አለው። ሌሎቹ ሰሙ። ልጆች አዲስ ቃል ሲያገኙ እንደ ብይ ከእጅ ወደ እጅ ያዞሩታል። ሳምንት ሳይሞላ ያ ልጅ ምሳውን ይዞ ደረጃው ላይ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ።

እኔ በየቀኑ ከዚያ በር እየቆምኩ ይህን አላወቅሁም። የደረሰችበት የክፍሉ ኃላፊ፣ ሚስ የሚሏት፣ እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት። ልጁ ሲያለቅስ አላየችውም፤ አላለቀሰምና። ያየችው ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር “ሆዴን አመመኝ” ይላል። የምሳ ዕቃው ሳይነካ ወደ ቤት ይመለሳል። በጠራራ ፀሐይ ጃኬቱን አያወልቅም። ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን እያወቀ ዝም ይላል። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ምንም አልተገኘበትም። “ያስመስላል” ያሉም ነበሩ።

እኛ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ነን፤ ልናውቀው ይገባን ነበር። ስናዝን ሆድ ይብሰናል። ስንቀያየም ነገር በሆዳችን እንይዛለን። ፍቅር ሲያልቅ ሆድና ጀርባ እንሆናለን። ልጁ “ሆዴን አመመኝ” ሲል አንዲትም አልዋሸም። የታመመበትን ቦታ በትክክል ተናግሯል፤ የማናዳምጠው እኛ ነን።

ሚስ አስጠራችኝ። አልተቆጣችኝም። ድሮ እኔ ባስተማርኩበት ክፍል በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ “መምህር፣ ቃሉ የልጅ ቃል አልመሰለኝም። ከየት እንደመጣ እርስዎ ይደርሱበታል ብዬ ነው” አለችኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ፣ እዚያች ወንበር ላይ እንደ ተማሪ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። በዕድሜዬ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ እግሬ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። በሩን አያቱ ከፈቱልኝ። ቡና አፈሉ። ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላሉም። ኋላ፣ “ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ምን ያውቃል። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ይቅርታ ለመንኳቸው፤ ይቅር አሉኝ። ልጁ ግን ከጓዳ አልወጣም።

ልክ በዓመቱ፣ በ2015 ዓ.ም. በዚያው በጥቅምት 23 ቀን፣ ትልልቆቹ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ለትልልቆቹ አደራዳሪም፣ ጠረጴዛም፣ ብዕርም ተገኘላቸው። በየትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ለተቀመጡት ልጆችስ ማን ሽማግሌ ላከ?

እንግዲህ ማስጠንቀቂያዬን ስሙ።

ስለ “የማን ልጅ ነው?” አስጠነቅቃችኋለሁ። ልጁ “ዛሬ ከእገሌ ጋር ተጫወትኩ” ብሎ በደስታ ሲመጣ፣ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ “የማን ልጅ ነው? የአባቱ ስም ማን ነው?” የሚል ነው። በእኛ አገር የአባት ስም ከመታወቂያ በላይ ያወራል፤ ወገኑንም ሃይማኖቱንም እናወጣበታለን። ልጁ መጀመሪያ ለምን እንደተጠየቀ አይገባውም። በሦስተኛው ጊዜ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ እኛ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ጥሎ ይመጣል።

ስለ “ስንተኛ ወጣህ?” አስጠነቅቃችኋለሁ። ካርድ በሚሰጥበት ቀን በር ላይ የምንሠራውን አውቀዋለሁ። የራሳችንን ልጅ ካርድ ካየን በኋላ የጓደኛውን ተቀብለን እናነባለን። “እሷ ሁለተኛ ወጥታ አንተ ዘጠነኛ?” እንላለን፣ እሷ እየሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛው ስትሳሳት ደስ የሚለው ልጅ አሳደግን። “ከጎበዝ ጋር ብቻ ሁን” ብለን የመከርነው ልጅም፣ አንድ ቀን ራሱ ሲደክም ማንም አጠገቡ እንደማይቀመጥ ከእኛው ተምሯል።

“በነፃ የሚማረው እሱ ነው?” የሚለውንም ሹክሹክታ ተዉ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የችግረኛ ልጅ ሲቀበል የክፍያውን ነገር ከልጆቹ የሚሰውረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲስተሮቹ በጥንቃቄ የሸፈኑትን እኛ በሁለት ደቂቃ ወሬ እንገልጠዋለን፤ በማግስቱ ልጁ “ደብተርህን ማን ገዛልህ?” ተብሎ ይጠየቃል።

እንደ እኔ መምህር የነበራችሁም አታመልጡም። ለክፍል አለቃው ጠመኔ ሰጥተን፣ “የሚረብሹትን ስም ጻፍ” ብለን እየወጣን ሻይ ጠጥተናል። ተመልሰን ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ስም ቀጥተናል። አንዱን ሕፃን ከሳሽ፣ ሌላውን ተከሳሽ አድርገን፣ ጓደኝነቱን ከሁለቱም ቀማን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል፤ አርጩሜው ቢያንስ በወረቀት ከእጃችን ወጥቷል። ምላሳችንን የሚወስድ አንቀጽ ግን የለም። ማንም ስለማያስጥለን ራሳችን እንጣለው።

“ታዲያ ትምህርት ቤቱ ምን ይሠራል?” ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አባቶች ሕፃን ማለት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1680 በፈረንሳይ የመሠረተው ማኅበር መምህራኑን “ወንድሞች” አላቸው፤ ለተማሪው ታላቅ ወንድም እንዲሆኑ። የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ እያጠኑ በመዝገብ ይይዙ ነበር። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድሩት የእሱ ልጆች ናቸው። ጣሊያናዊው ካህን ዶን ቦስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም ወደ ቱሪን በላከው ደብዳቤ አንድ ሕልም ይተርካል። በድሮው ሜዳ መምህራኑ ከልጆቹ ጋር ይሮጡ፣ ይጫወቱ ነበር። በኋለኛው ሜዳ ግን ልጆቹ አኩርፈው ጥግ ጥግ ይዘዋል፤ መምህራኑ ራቅ ብለው እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ሽማግሌው ካህን ያስጨነቀው የትምህርቱ ደረጃ አልነበረም፤ የእረፍት ሰዓቱ ነበር። ያንን ሕልም ሳስብ፣ ራቅ ብለው የሚያወሩት እኛ፣ እዚህ በር ላይ ያለነው ይመስሉኛል።

ለዚያ ልጅም የተደረገለትን አይቻለሁ። አንዲት ሲስተር በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ ምንም ሳትጠይቀው፣ የራሷን ዳቦ እየበላች። ሚስ የክፍሉን አቀማመጥ በየወሩ ማቀያየር ጀመረች፤ ማንም ልጅ ዘላለም ከኋላ እንዳይቀር፣ ማንም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እንዳይጣበቅ። ለሁለቱ ልጆች አንድ የውኃ ማጠጫ ሰጥታ የአበባውን መደብ በጋራ አስረከበቻቸው። “ታረቁ” አላለቻቸውም። አንዱ ሲቀዳ ሌላው ያጠጣል፤ ያለ ንግግር ጀምረው በሦስተኛው ሳምንት “አታፍስሰው!” መባባል ደረሱ። ሽምግልና እንዲህ ነው፤ እኔ ከወንበር ሳልነሳ ስሸመግል የኖርኩ ሰው ከእሷ ተማርኩ።

ነገር ግን ሚስ ቀን የተከለችውን እኛ ማታ ከነቀልነው ምን ይጸናል? ልጁ ትምህርት ቤት የሚውለው ጥቂት ሰዓት ነው። እራቱ፣ ዜናው፣ ቡናው፣ ስልኩ የእኛ ነው። የክፍሉ ወላጆች የቤት ሥራ ሊጠያየቁ በከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስንት ጊዜ ስድብ እንደተወራወሩበት ሰምታችኋል። ልጆቹ ያንን ስልክ ጌም ሊጫወቱበት ይዋሱታል፤ ማንበብ ደግሞ አስተምረናቸዋል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም፤ ከባድ ግን ነው። ልጅ ባለበት ስለ ሕዝብ በጅምላ አትናገሩ። ምንጣፉ ላይ የተኛው ልጅ ያልሰማ ሲመስላችሁ የበለጠ እየሰማ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ “ስንተኛ ወጣህ?” ማለቱን ትታችሁ፣ “ዛሬ ብቻውን የበላ ልጅ ነበር?” በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ማየት ይለምዳል። በዓል ሲመጣ፣ ለእንቁጣጣሽም ይሁን ለገና ወይም ለኢድ፣ የጓደኛውን ቤት በእግራችሁ ሄዳችሁ እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ልጅ የሚያምነው የነገርነውን ሳይሆን ጫማችንን ያወለቅንበትን ቤት ነው። በድላችሁ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሂዱ። እኔ ሳልሰማ ሳምንታት አለፉብኝ፤ የአዋቂ ሳምንት ለልጅ ዓመት ነው።

ሁለቱ ልጆች አድገዋል። ኳስ ይቀባበላሉ። ከበሩ ሲወጡም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ፣ እየተሳሳቁ ነው። ያ ልጅ ግን እኔን ግንቡ ሥር ቆሜ ሲያየኝ፣ እጁን ከልጅ ልጄ ትከሻ ላይ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአክብሮት “ጤና ይስጥልኝ” ይለኛል። ቂም የለውም፤ በዓይኑ አይቼዋለሁ። እጁ ብቻ ያስታውሳል።

ያንን እጅ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አየዋለሁ። እናንተ ገና አላያችሁትም፤ እንዳታዩትም ነው የቆምኩት። ከእንግዲህ አልሰማንም የሚል አይኑር። ነግሬአችኋለሁ።